የሚያፈስ የመሬት ውስጥ ቧንቧ ፍለጋና ጥገና፦ በደብረ ብርሃን ያየነው አገልግሎት ግምገማ

ይህ ግምገማ ከመሬት በታች የተቀበረ የውሃ ቧንቧ የሚያፈስበትን ቦታ በመሣሪያ ፈልጎ የሚጠግን አንድ የግል ድርጅት በደብረ ብርሃን ከተማ ለመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበራችን የሰጠውን አገልግሎት ይመለከታል። የድርጅቱን ስም አልጠቅስም፤ የምመዝነው አሠራሩን ነው፣ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ ሌሎችም በዚሁ መለኪያ ሊታዩ ይገባል ብዬ አምናለሁ። የሚያፈሰውን ውሃ ማቆምና ውሃው ሲወስደው የኖረውን አፈር መመለስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ የመጀመሪያውን ብቻ ሠርቶ የሚሄድ ጠጋኝ መንገዱን ከሥሩ ባዶ እንደሆነ ትቶት ሄዷል ማለት ነው። ድርጅቱ በመጀመሪያው ሥራ ከጠበቅነው በላይ ጎበዝ ሆኖ አግኝተነዋል፤ በሁለተኛው ግን ብዙ ቅሬታ አለኝ።

የማኅበራችን ቤቶች ውሃ የሚያገኙት በመግቢያው ላይ ከተተከለ አንድ ዋና ቆጣሪ ተነሥቶ በኮብልስቶኑ መንገድ ሥር በሚያልፍ የጋራ መስመር ነው። ከዋናው ቆጣሪ ወዲህ ያለው መስመር የማኅበሩ ንብረት ስለሆነ ጥገናውም የእኛው ኃላፊነት ነው። ዋናው ቆጣሪ የሚያሳየው መጠን የየቤቱ ቆጣሪዎች ተደምረው ከሚያሳዩት እየበለጠ ሲሄድ የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ልዩነቱን ለአባላቱ እኩል ያካፍሉ ነበር፤ በየስብሰባው የሚነሣው ክርክርም የሂሳብ ክርክር ብቻ ነበር። በዚያው ጊዜ ግን የመንገዱ አንድ ጎን ቀስ በቀስ መሠርጎድ፣ ከጎኑ ያለው የግንብ አጥርም በሰያፍ መሰንጠቅ ጀምሮ ነበር። በመንገዱ ዳር ባለው የዝናብ ውሃ መውረጃ ቦይ ውስጥ ደግሞ ዝናብ በሌለበት በጥር ፀሐይ ሳይቀር ጥርት ያለ ውሃ ይወርድ ነበር። በአካባቢው ለረጅም ዘመን የኖሩ አንዲት እናት «ይህ እኮ የድሮ ምንጭ ነው ልጆቼ፣ ቤት ሳይሠራበት ከብት እናጠጣበት ነበር» ይሉን ስለነበር ማንም ውሃውን ከቆጣሪው ልዩነት ጋር አላያያዘውም።

የድርጅቱ ባለሙያዎች እንደመጡ የሠሩት የመጀመሪያ ሥራ ይህንኑ ውሃ መመርመር ነበር። ከቦዩ ጥቂት ውሃ በትንሽ ብልቃጥ ቀድተው የክሎሪን መለያ እንክብል ጨመሩበት፤ ውሃውም ወዲያው ወደ ሐምራዊ ሮዝ ቀለም ተለወጠ። የምንጭ ውሃ ክሎሪን የለውም፤ ክሎሪን ያለበት ውሃ ታክሞ በቧንቧ የመጣ ውሃ ነው። ምርመራው የወሰደው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፣ መሣሪያውም ውድ አይደለም። በጋ ከክረምት በቦይ ወይም በመንገድ ዳር ውሃ የማይደርቅበት ሠፈር ሁሉ ከማንኛውም ቁፋሮ በፊት ሊያስደርገው የሚገባ ምርመራ ነው።

ቀጥሎ የሌሊቱ ሥራ መጣ። ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ሰው ውሃ ስለማይጠቀም ዋናው ቆጣሪ ቆሞ መገኘት አለበት፤ በዚያ ሰዓት የሚዞር ከሆነ የሚዞረው በአብዛኛው በሚያፈስ ቧንቧ ምክንያት ነው። በእኛ አገር ግን ይህ ፈተና አንድ እንቅፋት አለበት። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በየቤቱ ያለው ሮቶ የሚሞላው በሌሊት ነው፤ ሮቶ እየሞላ ቆጣሪው ቢዞር ማፍሰሱን አያረጋግጥም። ባለሙያዎቹ ይህን አስቀድመው በማሰብ፣ የማኅበሩ አባላት ሁሉ ማታ የሮቷቸውን መግቢያ ቫልቭ ዘግተው እንዲያድሩ አስጠነቀቁ፤ ከዚያም ሌሊት በዚያ በደብረ ብርሃን ብርድ የየቅርንጫፉን ቫልቭ ተራ በተራ እየዘጉ የዋናውን ቆጣሪ አዟዟር መዘገቡ። አንደኛው ቅርንጫፍ ሲዘጋ ቆጣሪው ቀጥ ብሎ ቆመ። መሬት ሳይነካ ፍለጋው ከጠቅላላው መስመር ወደ አንድ መንገድ ጠበበ ማለት ነው።

በዚያ መንገድ ላይ ትክክለኛውን ነጥብ ለማግኘት የተጠቀሙት ድምፅን ነው። በግፊት የሚያፈስ ውሃ በቀዳዳው ሲወጣ ቧንቧውን ያንቀጠቅጠዋል፤ ያ ንዝረት በቧንቧውም በአፈሩም ይጓዛል። ባለሙያው መሬት ላይ በሚያርፍ ማዳመጫና በጆሮ ማጉያ እየተራመደ ድምፁ የሚጎላበትን ቦታ ይፈልጋል። ይህ ለብረት ቧንቧ ቀላል ነው፤ በብረት ድምፅ በሰከንድ ከ1000 ሜትር በላይ ይጓዛል፣ ሩቅም ይሰማል። ፒቪሲና ሌሎች የፕላስቲክ ቧንቧዎች ግን ድምፁን ይውጡታል፣ ፍጥነቱም ከብረቱ ግማሽ እንኳ አይደርስም። የእኛ መስመር ከፊሉ ብረት ከፊሉ ፕላስቲክ ስለሆነ፣ በሁለት ጫፍ ላይ በሚገጠሙ ዳሳሾች የድምፁን የመድረሻ ጊዜ ልዩነት የሚያሰላውን መሣሪያ ሲጠቀሙ ሁለቱን ርዝመቶች ለየብቻ ለክተው አስገቡ። ይህን ያላደረገ ባለሙያ የሚያገኘው ነጥብ ከትክክለኛው ሜትሮች ርቆ ይወድቃል፤ ማኅበሩም ያለ አግባብ የተቆፈረ መንገድ ይታቀፋል።

ስለ ሐቀኝነታቸው አንድ ነገር መናገር እፈልጋለሁ። ከአባላቱ መካከል አንዱ «መሬት የሚያይ ራዳር አለ ይባላል፣ ለምን አታመጡም?» ብለው ጠይቀው ነበር። የቡድኑ መሪም ራዳሩ በደረቅ አሸዋና ጠጠር ላይ ጥሩ እንደሚሠራ፣ በእርጥብ ጥቁር ዋልካ ላይ ግን ሞገዱ ብዙም ሳይወርድ ስለሚዋጥ ለዚህ ቦታ ክፍያው እንደማያዋጣ በግልጽ ነገሩን። ገንዘብ ሊያስገኝለት ይችል የነበረውን ሥራ «አይጠቅማችሁም» ብሎ የሚመልስ ባለሙያ ምስጋና ይገባዋል። በራዳሩ ፋንታ በፌሮ ብረት መሬቱን እየወጉ፣ በመዶሻም የድንጋይ ንጣፉን እየመቱ ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ቦታ በኖራ አሰመሩ። የኖራው መስመር ከጠበቅነው እጅግ ሰፊ ነበር።

እዚህ ላይ ከመሬቱ በታች የሚሆነውን ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚያፈስ ቧንቧን የሚያየው እንደ ውሃ ብክነት ብቻ ነው። መሬት እንዲደረመስ ሦስት ነገሮች መገጣጠም አለባቸው፦ የሚንቀሳቀስ ውሃ፣ በውሃ የሚጠረግ ልል አፈር፣ እንዲሁም አፈሩ የሚሄድበት ቦታ። ሦስተኛው ከሌለ ውሃው አፈሩን ቢያራስም አይወስደውም፤ ውሃው ወደ ላይ ወጥቶ መንገዱን ያረጥበዋል፣ ሰውም አይቶ ያስጠግነዋል። አደገኛው ማፍሰስ ወደ ላይ የማይወጣው ነው። በአጠገቡ የተሰነጠቀ የፍሳሽ መስመር፣ ምርጊቱ የረገፈ የግንብ ቦይ ወይም ሳይሞላ የተተወ የድሮ የሽንት ቤት ጉድጓድ ካለ፣ ውሃው አፈሩን በጥቂት በጥቂቱ እየሸከመ ወደዚያ ያስገባል። በቧንቧው ዙሪያ ትንሽ ዋሻ ይፈጠራል፤ የዋሻው ጣሪያ እየረገፈ ወደ ላይ ይወጣል፤ በመጨረሻም ከላይ የቀረው የመንገዱ ንጣፍ ብቻ ይሆናል። አስፋልትም ሆነ ኮብልስቶን ከሥሩ ባዶ ሆኖም ለጊዜው ራሱን ችሎ ሊቆም ይችላል፤ የሚወድቀው ከባድ መኪና ሲያልፍበት ወይም ኃይለኛ ዝናብ ሲያርሰው ነው። ስለዚህ ሰው «በድንገት ሰመጠ» የሚለው ጉድጓድ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሲቆፈር የቆየ ነው።

ጥቁር ዋልካችን በዚህ ነገር ውስጥ ያለው ድርሻ ለየት ያለ ነው። ዋልካ ራሱ ተጣባቂ ስለሆነ እንደ አሸዋ በቀላሉ አይጠረግም፤ የሚጠረገው ቧንቧ ሲቀበር በተቆፈረለት ጉድብ ውስጥ የሚነጠፈው አሸዋና የሚመለሰው ልል አፈር ነው። የቧንቧው ጉድብ ግራና ቀኙ የማያሳልፍ ጭቃ፣ መካከሉ ግን ልል ስለሆነ የፈሰሰው ውሃ በጉድቡ ርዝመት ይሄዳል፤ መሬቱ የሚሰምጥበትም ቦታ ቧንቧው ከሚያፈስበት ርቆ ሊገኝ ይችላል። በላዩ ያለው ዋልካ ደግሞ ደርቆ ሲጠነክር ለባዶው ጣሪያ ሆኖ ይሸፍነዋል። በተጨማሪም ይህ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ በየዓመቱ በዚህ መልክ ሲንቀሳቀስ የቧንቧውን መጋጠሚያዎች ይጎትታል፣ ይገፋልም። በሰሜን ሸዋ ደጋ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ዋልካ መሠረትን እንዴት እንደሚያነቃንቅ ያውቃል፤ ቧንቧንም እንደዚያው ያነቃንቀዋል። በነገራችን ላይ፣ አንዳንድ ጎረቤቶች የእኛን መንገድ መሥመጥ በደብረ ሲና ቁልቁለት ከሚታየው የመሬት መንሸራተት ጋር ሲያያይዙት ሰምቻለሁ። ሁለቱም ውሃ ቢነካካቸውም አንድ አይደሉም፤ የደብረ ሲናው የተራራ ገደል ጉዳይ ነው፣ የእኛው ግን ሰው የቀበረው ቧንቧ ያመጣው ስለሆነ ሰው ሊያቆመው ይችላል።

ነገሩ የትናንሽ ሠፈሮች ብቻ እንዳልሆነ ሁለት አገሮችን መጥቀስ ይበቃል። በጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በጃፓን ሳይታማ ግዛት ያሺዮ በተባለች ከተማ አንድ የጭነት መኪና ከነአሽከርካሪው መስቀለኛ መንገድ ላይ በተከፈተ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ምክንያቱ በ1983 እ.ኤ.አ. አገልግሎት የጀመረ፣ 4.75 ሜትር ስፋት ያለው የፍሳሽ ቱቦ ነበር፤ ከፍሳሹ የሚወጣው ጋዝ በቱቦው ጣሪያ ላይ ወደ አሲድ እየተለወጠ ኮንክሪቱን በልቶት፣ በላዩ ያለው አፈር ወደ ቱቦው ሲፈስስ ኖሯል። በአካባቢው የሚኖሩ 1.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ፍሳሽ የሚጨምር የውሃ አጠቃቀም እንዲቀንሱ ተጠየቁ፤ የአሽከርካሪው አስከሬን የወጣውም ከሦስት ወር በላይ ቆይቶ ነው። በግንቦት 2002 ዓ.ም. ደግሞ በጓቲማላ ከተማ 20 ሜትር ገደማ ስፋትና 90 ሜትር ገደማ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ አንድ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ዋጠ። ከተማዋ የተሠራችው በልል የእሳተ ገሞራ አመድ ላይ ነው፤ የሚያፈስሱ የፍሳሽ መስመሮች ከሥሩ ሲቦረቡሩት የቆየውን መሬት የዚያ ሰሞን ማዕበል ያመጣው ዝናብ ጨረሰው። የእኛ መሬት እንደ ጓቲማላ ያለ ልል አመድ ስላልሆነ ያን ያህል ጥልቅ ጉድጓድ አልጠብቅም። ነገር ግን አይሱዙ የሚያልፍበት የሠፈር መንገድ ሁለት ሜትር ቢሰምጥ ለሞት በቂ ነው።

ወደ ሥራው ልመለስ። ባለሙያዎቹ ድንጋዩን አንሥተው ሲቆፍሩ ቧንቧው የተሰነጠቀበት ቦታ ከጠቆሙት ነጥብ እምብዛም ሳይርቅ ተገኘ። ምክንያቱም ታየ፦ መጀመሪያ መስመሩን የዘረጋው ተቋራጭ በዚያ ቦታ ከቧንቧው ሥር አሸዋ አላነጠፈም፤ ፒቪሲው በአንድ ሹል ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ የግንባታ ዕቃ የጫኑ መኪኖች ከላይ ባለፉ ቁጥር በዚያች ነጥብ እየተጨቆነ ተሰንጥቋል። መንገዳችን ከውሃ ማጠራቀሚያው በጣም ዝቅ ያለ ቦታ ላይ መሆኑም ጉዳቱን አባብሶታል። በየ10 ሜትሩ ቁልቁለት የውሃው ግፊት 1 ባር ገደማ ይጨምራል፤ ሌሊት ተጠቃሚ ሲጠፋ ደግሞ ግፊቱ ከፍ ይላል። በፕላስቲክ ቧንቧ ላይ ያለ ስንጥቅ ግፊት ሲጨምር አፉን ይከፍታል፤ የሚያፈስሰው መጠንም ግፊቱ ከጨመረበት ልክ በላይ ያድጋል። በዚህ ላይ የፈረቃ ውሃ ባዶ የነበረውን መስመር በድንገት ሲሞላ የሚፈጥረው ምት አለ። ፈረቃው ሲቋረጥ ደግሞ በዚያው ስንጥቅ የጉድጓዱ ቆሻሻ ውሃ ወደ ቧንቧው ሊገባ ይችላል፤ የሚያፈስ ቧንቧ ያለው ሠፈር ስለ መንገዱ ብቻ ሳይሆን ስለ ልጆቹ ሆድም ሊያስብ ይገባዋል።

ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ የቡድኑ መሪ በቦዩ ውስጥ ያሳዩን ነገር ነው። ከቦዩ ወለል አንድ እፍኝ አሸዋ አንሥተው «ይህ ዝናብ ያመጣው አይደለም፤ የጉድባችሁ አሸዋ ነው» አሉን። እውነትም ከአካባቢው ጥቁር አፈር ጋር ምንም አይመሳሰልም፤ ከላይ በኩል ያለው የቦዩ ክፍል ጭቃ ብቻ ሲኖረው፣ ከስንጥቁ ፊት ለፊት ያለው ግን በአሸዋ ተሞልቶ ነበር። በቦዩ የግንብ ጎን ላይ ምርጊቱ በረገፈባቸው መጋጠሚያዎች አሸዋው ሲወጣ ኖሯል። ከመንገዱ ሥር የጠፋው አፈር የት እንደሄደ ስናይ የአጥሩ መሰንጠቅም ምክንያት ግልጽ ሆነልን።

ይህን ሁሉ በእንዲህ ያለ ጥንቃቄ ያወቀ ቡድን መሬቱን ሲመልስ ያሳየው ግዴለሽነት ያሳዘነኝ ለዚህ ነው። የተሰነጠቀውን ቧንቧ ቆርጠው በአዲስ ቁራጭና በጥሩ ማያያዣ ተኩት፣ ከሥሩ አሸዋ አነጠፉ፣ ግፊት ሰጥተው ፈተሹት፤ እስከዚህ እንከን የለውም። ከዚያ በኋላ ግን የወጣውን እርጥብ ዋልካ እንዳለ ወደ ጉድጓዱ መልሰው በእግር ረገጡት፣ ድንጋዩንም መልሰው ደረደሩ። በኖራ ያሰመሩት ባዶ ቦታ ከቆፈሩት ጉድጓድ ይሰፋ ነበር፤ በጎንና በጎን ያለውን ዋሻ ግን አልከፈቱትም። የቦዩ ግንብ ቀዳዳዎችም እንዳሉ ቀሩ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሲጠይቋቸው «ውሃው ቆሟል፣ ከእንግዲህ የሚወስደው ነገር የለም» የሚል መልስ ሰጡ። መልሱ በከፊል እውነት ነው፣ ቧንቧው ከቆመ የዘወትሩ ውሃ ይቆማል። ነገር ግን ባዶው ቦታ ባዶ ነው፤ ያልተጠቀጠቀ ዋልካ ውሃ ሲያገኝ ይሰምጣል፤ የዝናብ ውሃም በድንጋዮቹ መካከል ገብቶ በዚያው በተከፈተለት መንገድ ወደ ቦዩ መውረዱን ይቀጥላል። የበልግ ዝናብ ሲመጣ የሆነውም ይኸው ነው፤ የተጠገነው ቦታ ጎደጎደ፣ ከጎኑ ያልተከፈተው ክፍልም ተደርምሶ አፉን ከፈተ። ሰው አልተጎዳም፤ ሠፈሩ ቦታውን በድንጋይና በእንጨት አጥሮ ጠበቀ።

ድርጅቱ ሲጠራ መጥቷል፤ ይህን ልክደው አልችልም። ሁለተኛው ሥራ መጀመሪያ ሊሠራ ይገባው የነበረው ነው፦ ባዶው ቦታ ጽኑ መሬት እስኪገኝ ድረስ በሁሉም አቅጣጫ ተከፈተ፤ እርጥቡ ዋልካ ወጥቶ ተጣለ፤ በፋንታው ገረጋንቲ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር በሚሆን ንብርብር እየተጨመረ እያንዳንዱ ንብርብር በኮምፓክተር ተጠቀጠቀ፤ ከአጥሩ መሠረት ሥር የነበረው ክፍተት በኮንክሪት ተሞላ። የቦዩ ግንብ እንደገና ተመረገ፤ ውሃ እንዲወጣባቸው በተተዉት ቀዳዳዎች ጀርባም ውሃውን አሳልፎ አፈሩን የሚያስቀር ጠጠር ተደረገ። ከዚያ ወዲህ የመጣውን ክረምት መንገዱ ሳይንቀሳቀስ አልፏል፤ ቦዩም ዝናብ በሌለበት ቀን ደረቅ ነው፤ የዋናው ቆጣሪና የየቤቱ ቆጣሪዎች ልዩነትም በጣም ጠቧል። ነገር ግን የሁለተኛውን ሥራ ቁሳቁስ ማኅበሩ እንዲከፍል ተደርጓል። ድርጅቱ የመጀመሪያው ውል «ቧንቧ መጠገን» እንጂ «መንገድ መሥራት» አይልም ብሎ ተከራከረ፤ ውሉን ስናነበው በእርግጥ እንደዚያ ነበር የተጻፈው።

ዋጋቸው ለፍለጋው ብቻ ሲታይ ተገቢ ነው እላለሁ፤ መንገዱን ሙሉ በሙሉ ቆፍሮ ከመፈለግ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ይረክሳል። ማፍሰስ ትንሽ ቢመስልም ሂሳቡ ትንሽ አይደለም፦ በደቂቃ አንድ ሊትር የሚያፈስ ስንጥቅ በቀን 1440 ሊትር፣ በወር ከ43 ሜትር ኩብ በላይ ውሃ ይወስዳል። የእነርሱ ሪፖርት ግን ደካማ ነው። የመስመሩን አቅጣጫ፣ የቧንቧውን ዓይነት የሚለይበትን ነጥብና የተጠገነውን ቦታ የሚያሳይ ንድፍ እንዲሰጡን ጠይቀን የደረሰን አንድ ገጽ ደረሰኝ መሰል ወረቀት ነው። ንድፍ የሌለው የመሬት ውስጥ መስመር ለሚቀጥለው ቆፋሪ እንደገና የማይታወቅ ይሆናል፤ በከተማችን በየጊዜው ለኬብልም ለፍሳሽም ስለሚቆፈር ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። ግፊት መቀነሻ ቫልቭ በመግቢያው ላይ እንዲገጠም የሰጡት ምክር ግን ትክክለኛ ነው፤ ማኅበሩም ገንዘቡን ማሰባሰብ ጀምሯል።

አገልግሎቱን ለሌላ ሠፈር የምመክረው በውሉ ውስጥ ሦስት ነገሮች በጽሑፍ እንዲገቡ በማድረግ ነው። አንደኛው፣ ባዶው ቦታ በሙሉ ተከፍቶ የማኅበሩ ተወካይ ሳያየው እንዳይሞላ፤ ሁለተኛው፣ መሙያው የወጣው ዋልካ ሳይሆን በንብርብር የሚጠቀጠቅ ገረጋንቲ እንዲሆን፤ ሦስተኛው፣ አፈሩ የወጣበት ቦይ ወይም ጉድጓድ ተገኝቶ እንዲደፈንና ከመጨረሻው ክፍያ ቢያንስ ከፊሉ አንድ የዝናብ ወቅት እስኪያልፍ እንዲቆይ። የቡድኑ መሪ ይህን ስነግራቸው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ያለ ክርክር ተቀብለዋል፤ የክፍያውን መቆየት በተመለከተ ግን ከድርጅታቸው ጋር መነጋገር እንዳለባቸው ገልጸውልኛል። የላይኛው መንገድ ነዋሪዎች የእነርሱም ዋና ቆጣሪ ልዩነት ማሳየት ስለጀመረ ከዚሁ ድርጅት ጋር ውል ለመፈራረም እየተደራደሩ ነው፤ የእኛን አሮጌ ውልና የሁለተኛውን ሥራ የወጪ ዝርዝር ወስደው እያነበቡት ይገኛሉ።